«ገና ነኝ» የምትለውን ተመራማሪ ለሽልማት እንዴት ልጠቁማት?

ጥያቄውን የላኩልኝ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ፒኤችዲዋን ከያዘች 4 ዓመት የሆናት ባልደረባ አለችን። የጣና ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጡ የሚደርስባቸውን ታጠናለች። ጎበዝ ናት። ለወጣት ሴት ሳይንቲስቶች ለሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት ልጠቁምሽ ስላት ‹ገና ነኝ፣ ሌሎች አሉ› አለችኝ። 11 ጽሑፎች አሏት፤ በ3ቱ የመጀመሪያ ደራሲ ናት። ይበቃል ወይ? ደብዳቤውንስ እንዴት ልጻፈው? እስከ ዛሬ የጻፍኩት የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም።»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። አንድ ኃላፊ ቁጭ ብሎ «የዚህችን ልጅ ሥራ እንዴት ላሳይ» ብሎ መጨነቁ በግቢዎቻችን ብዙ የማይታይ ነገር ነው። እኔ ብዙ ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር አስተምሬያለሁ። በሽልማትና በምርምር ገንዘብ ገምጋሚ ኮሚቴዎች ውስጥም ገብቼ የብዙ ወጣቶችን ፋይል አንብቤያለሁ። ከጠቋሚውም ከገምጋሚውም ወንበር ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ አጭሩን መልስ። ይጠቁሟት፣ ዘንድሮውኑ። በ4 ዓመት ውስጥ 3 ጽሑፍ በራሷ መሪነት ያወጣች፣ ማስተማሩንም ጎን ለጎን የያዘች ሰው «ገና» አይደለችም። የወጣት ሳይንቲስት ሽልማት የሚባለው እኮ አቅጣጫው ለታየ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። «ሲደርስ» ብላ ስትጠብቅ ገደቡ ያልፋል። የአንዳንዱ ሽልማት ገደብ ከፒኤችዲ በኋላ 10 ዓመት ነው፤ ሲሰሙት ሩቅ ይመስላል። ማስተማሩ፣ ወሊዱ፣ የኮሚቴው ብዛት፣ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው የመስክ ሥራ ሲደማመር ግን ሳይታወቅ ያልቃል።

«ገና ነኝ» ማለቷ አይግረምዎት። «ሙያ በልብ ነው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ያሳፍረናል። አባባሉን እኔም እወደዋለሁ፤ ጨዋነት አለው። ግን ጣሊያን ወይም ፈረንሳይ የተቀመጠ ገምጋሚ ልቧ ውስጥ ገብቶ ሙያዋን ሊያይ አይችልም። የሚያየው የተላከለትን ወረቀት ብቻ ነው። እሷ ስለ ራሷ መናገር ከከበዳት ሌላ ሰው ይናገርላት። ጥቆማ የሚባለው ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው። ይሉኝታዋን እንድትተው አያስጨንቋት። የመናገሩን ሥራ እርስዎ ይውሰዱት።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ብዙ ጥቆማ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ባልደረባዬን ለአንድ ሽልማት ጠቁሜ ነበር። የውሃ ጥራት ላይ የሚሠራ፣ ከማውቃቸው ሁሉ ጠንቃቃው ተመራማሪ ነው። ደብዳቤውን በአንድ ማታ ጻፍኩት። ታታሪ ነው አልኩ። ትጉህ ነው፣ ሥነ ምግባር አለው፣ ከሰው ተግባቢ ነው፣ ለአገሩ ተቆርቋሪ ነው አልኩ። ሁሉም እውነት ነበር። ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁት። አልተመረጠም። በኋላ የኮሚቴው አስተያየት ደረሰን፤ ዕጩው ምን እንዳገኘ ከደብዳቤው ሊገባን አልቻለም የሚል ነበር። ልጁ ጭራሽ አመሰገነኝ። በሚቀጥለው ዓመት የዕድሜ ገደቡ አለፈው። ያነሰው ሥራው እንዳልነበረ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ እኔው ገምጋሚ ስሆን ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ከፊትዎ የፋይል ክምር አለ። ሁሉም ዕጩ ታታሪ ነው። ሁሉም ትጉህ ነው። ከአሥረኛው ፋይል በኋላ እነዚህን ቃላት ዓይን እየዘለላቸው ያልፋል። ድንገት አንዱ ደብዳቤ ላይ «ይህች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አየች፣ ከዚያ እንዲህ አደረገች» የሚል ሲመጣ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

የጠቋሚ ሥራ የምስክር ሥራ ነው። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ምስክር «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ቢቀመጥ «የት ሆነህ ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ገምጋሚም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እነሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው፤ ያ በሽታ በጣና ዳርም እንግዳ አይደለም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ከሆነ በሽታውን በገዛ አገራችን ተክል መከላከል ይቻላል ማለት ነው። አየሁ፣ ጠረጠርኩ፣ ፈተንኩ፣ አገኘሁ። ይህን የሰማ ሰው፣ ሳይንቲስት ባይሆን እንኳ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዚያ ወንዝ ዳር 25 ዓመት በኋላ። የእኛ ልጆች ይህን ያህል እንዳይጠብቁ ነው እኔ የምፈልገው።

የእርስዎም ባልደረባ እንዲህ ያለ የወንዝ ዳር ታሪክ ይኖራታል። ያንን ያግኙ። ሲቪ ላይ ግን አይገኝም። አብረዋት መስክ መውጣት አለብዎት።

እኔ አንድ ጊዜ እንዲሁ በክረምት ማብቂያ አንዲት ተማሪዬን ተከትዬ ከሐሙሲት አለፍ ብሎ ወደ ጉማራ ሄድኩ። ጭቃው ቦቲ ይውጣል። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ጎትተው ሳይጨርሱ እሷ ሰሌዳዋን ዘርግታለች። ሰሌዳው በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ጣውላ ነው። ዓሣው ይጋደማል፣ አፉ ከጣውላው ጫፍ ይገጥማል፣ ጭራው የደረሰበት ይነበባል። ከዚያ ይመዘናል። ከዚያ ሆዱ በትንሽ መቀስ ተከፍቶ እንቁላሉ መድረስ አለመድረሱ ይታያል። ሁሉም በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ለአንድ ዓሣ አንድ መስመር። ገበያ ሳይፈታ መድረስ ያለበት አስጋሪ «ኧረ ፍጠኚ» ይላታል። እሷ አትቆጣም፣ አትቸኩልምም። ስንቱን እንደሸጠ፣ መረቡን ማታ በስንት ሰዓት እንደ ጣለው እየጠየቀች ያንንም ትጽፋለች። በዚያ ጠዋት ስለ እሷ ያወቅሁትን በሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ አላወቅሁትም ነበር። ሲቪዋ ላይ ይህ ሁሉ «የመስክ መረጃ የማሰባሰብ ልምድ» ተብሎ በአንድ መስመር ነው የተቀመጠው።

መስክ ለመውጣት ጊዜ ከሌለዎት ቢያንስ ሻይ ጋብዘው አንድ ሁለት ሰዓት ያውሯት። ስልክዎን ያጥፉ። ከመጀመርሽ በፊት ሰው ምን ያምን ነበር? አንቺ ምን አገኘሽ? አንቺ ባትኖሪ ምን ሳይታወቅ ይቀር ነበር? ከአስጋሪዎቹ መካከል ሥራሽ የደረሰው ሰው አለ? እርስዎ ዝም ብለው ይጻፉ። በወረቀት ላይ «ምንም አላደረግሁም» የምትል ሰው ስለ ዓሣ ስትጠየቅ ግን እንደ ወንዝ ትፈሳለች።

ሌላው ነገር፣ ገምጋሚው ጣናን አያውቅም። ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ለእሱ አዲስ ነው። ስለዚህ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት። ጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ዓሣ ለይቷቸዋል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንዲሁ ብዙ ዝርያ ያለው የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ እሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ የእኛዎቹ ይበልጥ ብርቅ የሆኑትም ለዚህ ነው። ከእኛዎቹ መካከል ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። መረብ የሚጠብቃቸው ደግሞ እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ወንዝ የሚወጡት ዓሣዎች በብዛት እንደ ቀነሱም በጥናት ታይቷል። ይህን ያነበበ ገምጋሚ ልጅቷ ለምን ጉማራ አፍ ላይ ጭቃ ውስጥ እንደ ቆመች ወዲያው ይገባዋል። ይህ አንቀጽ ከሌለ ሥራዋ «አንድ ወንዝ ላይ የተደረገ የአካባቢ ጥናት» ሆኖ ይቀራል።

ልዩነቱን ላሳይዎት። አብዛኛው ደብዳቤ እንዲህ ነው፦ «ዶክተር እገሊት በዓሣ ሀብት ዘርፍ ከፍተኛ አስተዋፅኦ ያበረከተች፣ በርካታ ጽሑፎችን ለኅትመት ያበቃች፣ ታታሪና ትሑት ባልደረባችን ናት።»

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ «ዶክተር እገሊት 3 ክረምት በተከታታይ በጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ከአስጋሪዎች ጋር ሠርታለች። የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንቁላል የያዘው ዓሣ ወንዙን የሚገባው በየትኞቹ ሳምንታት ነው? መልሱ መረብ የሚከለከልበት ጊዜ መቼ ቢሆን እንደሚበጅ ይወስናል። የጥናቱን ሐሳብ ያመነጨችው እሷ ናት። እኔ በሁለተኛው ክረምት መስኩ ላይ ተገኝቼ አሠራሯን አይቻለሁ።» ከዚያ ግኝቷ ይከተላል፣ ከመዝገቧ በተወሰደ ቁጥር። የእሷ ጥያቄ ሌላ ከሆነ ቃሉን ይቀይሩት፤ ቅርጹን ይያዙት። «አይቻለሁ» የምትለዋን ቃል ግን አይተዋት። እውነት እንድትሆን ደግሞ አስቀድመው ሄደው ይዩ።

ስለ 11ዱ ጽሑፎች አይጨነቁ። ቁጥሩ ብቻውን ትልቅ ነገር አይናገርም። ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን፣ የጽሑፎችን ብዛትና በሌሎች የተጠቀሱበትን መጠን አጣምሮ የሚያሳየውን መለኪያ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ያቀረበው። በጊዜ ብዛት የሚያድግ መለኪያ ስለሆነ ለጀማሪ ሰው አይመችም። ስለ ጣና ዓሣ የሚጽፈው ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ የሚጠቅሰውም እንደዚያው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ዶራ የተባለው ስምምነትም ተመራማሪን በጆርናሉ ስም ሳይሆን በሥራው ይዘት መዝኑ ይላል። ስለዚህ 3ቱን ራሷ የመራቻቸውን ያውጡ፤ ምናልባት አራተኛ ይጨምሩ። በእያንዳንዱ ሥር እሷ ምን እንደሠራች በአንድ መስመር ይጻፉ። ሐሳቡ የማን ነው? መረጃውን ማን ሰበሰበ? ስሌቱን ማን ሠራ? ማን ጻፈው? በሌሎቹ 8 ውስጥ ድርሻዋ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው ይበሉ። አንዷን ነገር በቅንነት አሳንሶ የጻፈ ጠቋሚ በሌላው ይታመናል። ደግሞ ገንዘብ ብቻ ተቀብሎ ሳይገመግም የሚያትም ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ካለ ከዝርዝሩ ያውጡት። አንዲቱ መጥፎ ጽሑፍ ጥሩዎቹን ታስጠረጥራለች።

ስሟንም ይመልከቱ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እኛን በጣም ይጎዳናል። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። አንዱ ጆርናል በአባቷ ስም፣ ሌላው በራሷ ስም ያወጣታል። አንዱ ጋ ስሟ በአንድ ፊደል ተጽፎ ሌላው ጋ በሌላ ይጻፋል። ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ገምጋሚ አራት የተለያዩ ሴቶች ያገኛል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጽሑፍ ያላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ አለ። ነጻ ነው። ከሌላት ዛሬውኑ ታውጣ፣ 11ዱንም ጽሑፍ እዚያ ትሰብስብ።

አሁን ስለ ቃላት አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕጩዎ ሴት ስለሆነች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመምህርነት ለተወዳደሩ ሰዎች የተጻፉ ከ300 በላይ ደብዳቤዎችን መርምረው ነበር። ለሴቶቹ የተጻፉት አጠር ያሉ ሆነው ተገኙ። ስለ ትጋታቸውና ስለ ማስተማራቸው ይበዛል፤ ስለ ምርምራቸው ያንሳል። ያንን ሳነብ የራሴን የድሮ ደብዳቤዎች አውጥቼ አየሁ። ለሴት ተማሪዎቼ «ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ታዛዥ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለወንዶቹ «ጥያቄ የሚያመነጭ» ብያለሁ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ግን አደረግሁት። እርስዎም ጽፈው ሲጨርሱ እያንዳንዱን ቅጽል ይዩ። ለወንድ ቢሆን ይህን እጽፍ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ።

በወሊድ ምክንያት ከሥራ የራቀችበት ጊዜ ካለ፣ ፈቃዷን ጠይቀው ይጥቀሱት። በሕጋችን የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ግን ያ 120 ቀን ክረምቱ ላይ ከዋለ ለእሷ ሙሉ የአንድ ዓመት መረጃ ነው የሚጠፋው፤ ዓሣው የሚወጣው ያኔ ብቻ ነውና። ውጭ ያለ ሰው ይህን በራሱ አያስበውም። አንዳንድ ሽልማቶችም ለወሊድ የዓመት ገደቡን ያራዝማሉ።

አንድ ልማድ ግን ልለምንዎት፣ ይተውልን። «ራስሽ ጽፈሽ አምጪልኝ፣ እፈርምልሻለሁ» የሚባለውን። ሁላችንም አድርገነዋል። ሥራ ይበዛል፣ ፊርማ ቀላል ነው። ግን አስቡት፤ «ገና ነኝ» የምትል ልጅ ራሷን አወድሳ እንድትጽፍ ነው የምናዝዛት። ወይ አሳንሳ ትጽፋለች፣ ወይ ከኢንተርኔት ገልብጣ። በሁለቱም ይታወቃል። ሲቪዋን፣ የጽሑፎቿን ዝርዝር፣ የሥራዋን ማስታወሻ ትስጥዎት፤ ያ ተገቢ ነው። ደብዳቤው ግን የእርስዎ ይሁን። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ፎርሙ የቃል ገደብ ካለው በእሱ ይሂዱ።

ደጋፊ ደብዳቤ የሚጽፉ ሌሎች ሰዎችም ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ በማዕረግ አይምረጡ። ፕሬዚዳንቱ ወይም ዲኑ ሥራዋን ካላወቁ የሚጽፉት አንድ አንቀጽ ሰላምታ ነው። ይልቅ ጽሑፏን አንብቦ በስብሰባ ላይ የሞገታት የውጭ ሰው ይሻላል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከዓሣ ምርምር ማዕከል ሥራዋን የተጠቀመበት ሰው ይሻላል። የፒኤችዲ አማካሪዋ አንዱ ቢሆኑ ችግር የለውም፤ ሁሉም ደብዳቤ ግን ከእሳቸው ቤት አይውጣ። እርስዎም ከጽሑፎቿ በአንዱ ላይ ስምዎ ካለ ወይም ዝምድና ካለ በግልጽ ይናገሩ። መደበቅ ነው ጥፋቱ።

የትኛው ሽልማት ለሚለው፦ ስሙን ስላልጻፉልኝ የማውቃቸውን ልንገርዎት። መቀመጫው ጣሊያን ትሪዬስቴ የሆነው ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. የተባለው የታዳጊ አገር ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ከኤልሴቪየር ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠው ሽልማት ለእሷ የተሰፋ ይመስላል። ፒኤችዲ ካገኙ 10 ዓመት ያላለፋቸውን፣ በታዳጊ አገር ኖረው የሚሠሩትን ነው የሚያየው። በኖርማን ቦርሎግ ስም የሚሰጠው የመስክ ምርምር ሽልማትም አለ። ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆነ፣ 10,000 ዶላር ያለው፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የመስክ ሥራን የሚያከብር ነው። ወንድም ሴትም ይወዳደራል። የእሷ ሥራ ከአስጋሪዎች ጋር ስለሆነ እኔ ይህንንም እመለከት ነበር። የሎሬያልና የዩኔስኮ የወጣት ሴቶች መርሐ ግብር ደግሞ ለዶክትሬት ተማሪዎችና ድኅረ ዶክትሬት ላይ ላሉ ነው፤ እዚያ አመልካቿ ራሷ ናት። የዚያው ተቋም ትልቁን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2014 ለአፍሪካና ለዓረብ አገሮች የተሸለሙት የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዋ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። የተወለዱት ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ የምናልፋት ከተማ። ባልደረባዎ «ሌሎች አሉ» ስትልዎት ይህን ይንገሯት። ከዚሁ ከጎጃም ነው የሄዱት።

የየዓመቱ ማስታወቂያ ይለያያል። አንዳንዱ በየዓመቱ የሳይንስ ዘርፍ ይቀይራል። ስለዚህ ካምናው ሰው ፎርም ተቀብለው አይሙሉ፤ የዘንድሮውን ያንብቡ።

ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። አንድ ጥሩ ፋይል በቀን ስህተት ሲወድቅ አይቻለሁ። ዲፕሎማዋ በእኛ አቆጣጠር 2013 ተጽፎበት፣ እርስዎም ፎርሙ ላይ 2013 ብለው ከሞሉ 7 ወይም 8 ዓመት ጨመሩባት ማለት ነው። 10 ዓመት አልፏታል ተብላ ሳትነበብ ትጣላለች። ሁሉንም ቀን ወደ እነሱ አቆጣጠር ይቀይሩ፤ የዲፕሎማው ትርጉምም እንዲሁ ይሁን።

ሰዓቱም አለ። «23፡59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ከተባለ በእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው። እነሱ የበጋ ሰዓታቸው ላይ ሲሆኑ ደግሞ 6፡59። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው ይህን አይነገረውም። ከ3 ቀን በፊት ይላኩ። የደረሰበትን የኢሜይል ማረጋገጫ እስኪያዩ እንደ ተላከ አይቁጠሩት። ደብዳቤ የሚጽፉልዎትን ሰዎች ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ ሳምንት ሲቀረው አስታውሷቸው፤ አይሰለቹ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ እሷ ጉማራ ላይ ናት። የሚፈለግባትን ሁሉ ሰኔ ሳያልቅ ይሰብስቡ።

ወደ እሷ ልመለስ። ሳያማክሩ አይጠቁሟት። የሰው ስም ያለ ፈቃዱ አይወጣም፤ አብዛኛው ሽልማትም የእሷን ስምምነት ይጠይቃል። ግን «ትፈልጊያለሽ?» ብለው ቢጠይቋት «ይቅር» ትላለች። «ስለ ጉማራው ሥራሽ ልጽፍ ነው፣ እውነት ያልሆነ ነገር ካለው አርሚልኝ» ይበሏት። የጻፉትን ያስነብቧት። ብዙ ሰው ሥራው በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ነው መጠኑን የሚያየው። እኔ ያቺን ተማሪዬን ደብዳቤዋን ሳስነብባት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ይህን ሁሉ አይተውት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ገንዘቡንና ክብሩን ከሌሎች ጋር ስለ መካፈልም አስቀድመው ያውሩ። ለጀልባው ቀዛፊ፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ፣ መረቡን ላስመዘገበው አስጋሪ በደብዳቤው ውስጥ ቦታ ይስጡ። ይህ እሷን አያሳንሳትም። ቡድን መምራት የምትችል ሰው መሆኗን ያሳያል።

ባትመረጥስ? የመጀመሪያው ዓመት ላይ አለመመረጥ የተለመደ ነው። ኮሚቴውን በትሕትና አስተያየት ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ይሰጣል። ፋይሉን በእርስዎና በእሷ ኮምፒዩተር፣ በፍላሽም ያስቀምጡ። በየ6 ወሩ አንድ አንድ መስመር ይጨምሩበት፤ አዲስ ጽሑፍ፣ አዲስ ተማሪ፣ አስጋሪዎቹ ጋ የተለወጠ ነገር። በሚቀጥለው ዓመት ከባዶ አይጀምሩም። ለእሷ የተሰናዳው ፋይል ለሌላ ሽልማት፣ ለምርምር ገንዘብ፣ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግም ይሆናል።

ደብዳቤውን ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ገጽ ቢልኩልኝ አነብልዎታለሁ። ስሟን አውጥተው ይላኩት።